ሊንኩ ወዴት እንደሚወስድ ንገሩን

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቀን ስልክ ሁሉ በአንድ ዓይነት መልእክት ይጥለቀለቃል። «ውጤት ለማየት እዚህ ይጫኑ» ይላል። ከሥሩ ወደ ታች የሚጠቁሙ የጣት ኢሞጂዎች ይደረደራሉ። ከዚያ አንድ ረጅም አድራሻ ይከተላል። ዓይኑ ለሚያይ ተማሪ ይህ ምንም ችግር የለውም። መልእክቱን ቃኘት ያደርገዋል፣ ሰማያዊውን ይነካል፣ ይገባል።

ማየት የተሳናት ተማሪ ግን መልእክቱን የምታገኘው በጆሮዋ ነው። ስልኳ ላይ ያለው ስክሪን ሪደር ከላይ ወደ ታች ያነብላታል። ኢሞጂዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ አምስት ጣት ካለ አምስት ጊዜ። ቀጥሎ የአድራሻውን ፊደልና ቁጥር ይዘረግፈዋል። ይህ ሁሉ አልቆ እጇ ላይ የቀረው መረጃ «እዚህ» የሚል ብቻ ነው። እሷም እንደ ጓደኞቿ 12 ዓመት የተማረችበትን ውጤት ነው የምትጠብቀው።

ሊንክ የምናደርጋቸው ቃላት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ግን አንድን ገጽ ለአንዱ ሰው ክፍት፣ ለሌላው ዝግ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ለማስተካከል ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ፕሮግራመር መሆንም አያስፈልግም። የቴሌግራም ቻናል ያለው፣ የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፍ፣ ብሎግ የሚጽፍ ሁሉ ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል።

በጆሮ መቃኘት

ስክሪን ሪደር በኮምፒውተር ወይም በስልክ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር ነው። ከታወቁት አንዱ ጆውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ሲሆን፣ የጀመረው በመኪና አደጋ ዓይኑን ያጣው አሜሪካዊው ቴድ ሄንተር ነው። ጆውስ ግን ውድ ነው። ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ ማይክል ከራን እ.ኤ.አ. በ2006 ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ ስክሪን ሪደር መሥራት ጀመረ። እንደሱው ማየት የተሳነው ጓደኛው ጄምስ ቴህም ተቀላቀለው። አይፎን ላይ ቮይስኦቨር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ አለ። እኛ አገር አብዛኛው ሰው የሚይዘው አንድሮይድ ስለሆነ፣ የምትጽፉትን በቶክባክ የሚሰማ አንባቢ እንዳላችሁ ቁጠሩት።

ብዙ ሰው የስክሪን ሪደር ተጠቃሚ ገጹን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። እናንተስ የገባችሁበትን ገጽ በሙሉ ታነባላችሁ? ዓይናችሁ ርዕስ ርዕሱን ይዘላል፣ ሰማያዊ ጽሑፎችን ይለቅማል። እነሱም ይቃኛሉ፤ መሣሪያቸው ጆሮ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

አንዱ መንገድ የታብ ቁልፍ ነው። አንድ ጊዜ ሲጫኑት ወደሚቀጥለው ሊንክ ይዘላል። መሀል ያለው ጽሑፍ አይነበብም፤ የሚሰማው የሊንኩ ቃል ብቻ ነው። ሌላው መንገድ የሊንኮች ዝርዝር ነው። ጆውስም ሆነ ኤንቪዲኤ ላይ ኢንሰርትንና ኤፍ 7ን አንድ ላይ ሲጫኑ ገጹ ላይ ያሉ ሊንኮች በሙሉ ተለቅመው በአንድ ዝርዝር ይመጣሉ። ስልክ ላይም የንባብ ምርጫውን «ሊንኮች» ላይ አድርጎ ጣትን በመጥረግ ከሊንክ ወደ ሊንክ መዝለል ይቻላል።

አሁን አንድ የተለመደ የዜና ድረ ገጽ በዚህ ዝርዝር ሲሰማ አስቡት።

«ተጨማሪ ያንብቡ። ተጨማሪ ያንብቡ። ተጨማሪ ያንብቡ። እዚህ ይጫኑ። ያውርዱ። ያውርዱ። እዚህ። ተጨማሪ ያንብቡ።»

ጸሐፊው ሊንኩን ሲያስገባ ከጎኑ ያለው አንቀጽ ይታየው ነበር። ለእሱ «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚለው ከላዩ ስላለው ዜና እንደሆነ ግልጽ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ግን ዜናው የለም። ቃላቱ ከጎረቤቶቻቸው ተነጥለው ብቻቸውን ቆመዋል።

መገናኛ ላይ የታክሲ ረዳት «ግቡ፣ እዚህ ግቡ» እያለ ብቻ ቢጣራ ማን ይገባለታል? የሚጠራው «ሜክሲኮ! ሳሪስ! ቦሌ!» ብሎ ነው። ፊቱን ዞሮ የቆመ፣ ታክሲውን ያላየ ሰው እንኳ ድምፁን ሰምቶ ይመጣል። ከሊንክ የሚጠበቀውም ይኸው ነው፤ መድረሻውን መጥራት።

ከዚህ የሚጠቀሙት ማየት የተሳናቸው ብቻ አይደሉም። እይታው ደክሞ ስክሪኑን አጉልቶ የሚያነብ ሰው በአንድ ጊዜ የሚታየው ጥቂት ቃል ነው። «እዚህ» የሚለው ስክሪኑን ሲሞላው ከፊት የነበረው ዓረፍተ ነገር ከስክሪን ወጥቷል። እጁ ስለማይታዘዝለት ማውዝ መያዝ የማይችል ሰው በታብ ነው የሚሄደው። የተሳሳተ ገጽ ከፍቶ ለመመለስ የሚከፍለው ድካም ከእኛ በብዙ ይበልጣል። ትኩረት ለመያዝ ወይም የቅርቡን ለማስታወስ የሚቸገር ሰውም አለ። ታክሲ ውስጥ ቆሞ በአንድ እጁ ስልኩን የሚያይ ሰውም እንዲሁ ይጠቀማል።

ቁጥሩ አነስተኛ የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተደረገውን አገር አቀፍ ጥናት ልጥቀስ። ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው በጣም የደከመ እንደሆነ አሳይቷል። ሚሊዮኖች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ተማሪ አለ፣ መምህር አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ሥራ ፈላጊ አለ።

ስታንዳርዱ ምን ይላል?

ዌብ የሚሠራባቸውን ደንቦች የሚያወጣው ደብሊው ሦስት ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። የመጀመሪያውን የዌብ ተደራሽነት መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሁለተኛው እትም በ2008 ወጣ፤ 2.1 በ2018፣ 2.2 ደግሞ በ2023 ተከተሉ። በዓለም ዙሪያ «ዊካግ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው። በነገራችን ላይ የግዕዝ ፊደልም ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በዚያው በ1999 ነው። የተደራሽነት መመሪያውና በኮምፒውተር በደንብ የሚጻፍ አማርኛ እኩያ ናቸው ማለት ነው።

ዊካግ ስለ ሊንክ ቃል ሁለት መስፈርቶች አሉት። የመጀመሪያው ቁጥር 2.4.4 ሲሆን፣ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያለ፣ ማንም ሊዘለው የማይገባ ግዴታ ነው። የሊንኩ ዓላማ ከራሱ ቃል፣ ወይም ከራሱ ቃልና ከአካባቢው ጽሑፍ መታወቅ አለበት ይላል። «የአካባቢው ጽሑፍ» ሲል በዘፈቀደ አይደለም። ያው ዓረፍተ ነገር፣ ያው አንቀጽ፣ ያው የዝርዝር ነጥብ፣ ሠንጠረዥ ከሆነም ያው ሳጥንና የሳጥኑ አርዕስት ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር 2.4.9 ሲሆን የበለጠ ጥብቅ ነው። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያለ ሲሆን ዓላማው ከሊንኩ ቃል ብቻ መታወቅ አለበት ይላል።

ስለዚህ በሕጉ ፊደል ከሄድን አንቀጹ ራሱ የሚያስረዳ ከሆነ «ተጨማሪ ያንብቡ» ማለት ዝቅተኛውን ደረጃ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ይዘው «እኛ አልፈናል» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ስክሪን ሪደር የአካባቢውን ጽሑፍ እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል፤ ግን ለእያንዳንዱ ሊንክ መቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ ማዳመጥ፣ እንደገና መቀጠል ነው። እኛ በአንድ ቃል ልንቆጥብ የምንችለውን ድካም በየቀኑ በሌላ ሰው ላይ መጫን ነው። የሚቻል ከሆነ ሁልጊዜ ሁለተኛውን መስፈርት ግብ አድርጉ፤ ቃሉ ብቻውን ይቁም።

ዌብኤይም የተባለው የአሜሪካ ተቋም በየዓመቱ የ1 ሚሊዮን ታዋቂ ድረ ገጾችን የመግቢያ ገጽ በማሽን ይፈትሻል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ100 ገጾች ወደ 45 በሚጠጉት ላይ ባዶ ሊንክ ተገኝቷል። ባዶ ማለት ምንም ቃል የሌለው፣ ስክሪን ሪደሩ «ሊንክ» ብሎ ብቻ የሚያልፈው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሥዕል ነው። የቴሌግራም ምልክት፣ የፌስቡክ ምልክት፣ የማጉያ መነጽር፣ የቤት ምልክት። ለዓይን ግልጽ ናቸው። ከኋላ ስም ካልተሰጣቸው ግን ለጆሮ የሉም።

ሥዕል ሊንክ ሲሆን አማራጭ ጽሑፉ፣ ማለትም ስክሪን ሪደሩ በሥዕሉ ፋንታ የሚያነበው ከኋላ የሚጻፍ ቃል፣ መናገር ያለበት የሥዕሉን መልክ ሳይሆን የሊንኩን መድረሻ ነው። የወረቀት አውሮፕላን ምልክት «ሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለ የወረቀት አውሮፕላን» መባል የለበትም። «የቴሌግራም ቻናላችን» ይባል። የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ወደ መግቢያ ገጽ የሚወስድ ከሆነም «ዓርማ» ሳይሆን «መግቢያ ገጽ» ነው የሚባለው።

የአማርኛው ነገር

ስለዚህ ጉዳይ በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፏል። አማርኛ ግን የራሱ ባሕርይ አለው። የተጻፈውን እንዳለ ብንወስደው አይገጥምም።

መጀመሪያ ግሱን እንይ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «ውጤቱን ለማየት እዚህ ይጫኑ» ስንል እጃችን በራሱ ጊዜ ሊንኩን መጨረሻው ላይ፣ «እዚህ ይጫኑ» ላይ ያደርገዋል። ድርጊቱ እዚያ ስላለ። ቁም ነገሩ ግን ከፊት ነው ያለው። መፍትሔው ሊንኩን ወደ ኋላ መልሶ ስሙ ላይ ማድረግ ነው። «የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ዛሬ ይፋ ሆኗል» ብላችሁ ጻፉና «የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት» የሚለውን ሊንክ አድርጉት። «ይጫኑ» የሚለው ቃል አያስፈልግም። ስክሪን ሪደሩ ሊንክ መሆኑን ራሱ ይናገራል። የሚያየውም ሰው ሰማያዊና የተሰመረበት ጽሑፍ እንደሚነካ ያውቃል።

ሁለተኛው ቃልን የመክፈል ነገር ነው። አማርኛ «በ»፣ «ከ»፣ «ለ»፣ «ስለ» የሚሉትን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ይጽፋል። «በአዋጁ መሠረት» ስንጽፍ አንዳንዱ ጥንቁቅ ጸሐፊ «በ»ን ውጭ ትቶ «አዋጁ» የሚለውን ብቻ ሊንክ ያደርጋል። መልኩ ያምራል። ስክሪን ሪደር ግን ሊንክ በሚጀምርበት ቦታ ንባቡን ሊቆርጥ ይችላል። አንዱ ቃል ለሁለት ተሰብሮ ይሰማል። ሙሉውን ቃል ከነመነሻውና ከነመጨረሻው ሊንኩ ውስጥ አስገቡት።

ሦስተኛው፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ፣ የ«የ» ክምር ነው። የሊንኮች ዝርዝር ሲወጣ በፊደል ተራ ማስደርደር ይቻላል። አንድ ፊደል ሲጫኑ በዚያ ፊደል ወደሚጀምረው ሊንክ መዝለልም ይቻላል። ሰሚው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት ሰምቶ የማይፈልገውን ቶሎ ያልፈዋል። ይህ የሚሠራው ግን ሊንኮቹ አጀማመራቸው ሲለያይ ነው። የእኛዎቹ እንዴት እንደሚጀምሩ ተመልከቱ።

«የንግድ ፈቃድ ማውጫ ቅጽ»
«የንግድ ፈቃድ ማደሻ ቅጽ»
«የንግድ ስም ማስመዝገቢያ ቅጽ»
«የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማመልከቻ»

ሁሉም «የ» ላይ ተከምረዋል። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ይህ በብዙ አሥሮች ሲባዛ አስቡት። ዝርዝር ውስጥ ለሚቀመጡ ሊንኮች «የ»ን ማንሳት ይቻላል፤ አማርኛውም አይጎረብጥም። «ንግድ ፈቃድ ማውጣት»፣ «ንግድ ፈቃድ ማደስ»፣ «ንግድ ስም ማስመዝገብ»፣ «ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት» ብሎ መጻፍ ነው። ሰውም ሲናገር እንዲህ ነው የሚለው። «ፈቃድ ላድስ ነው የመጣሁት» ይላል እንጂ «የማደሻ ቅጽ» ፍለጋ አይመጣም። በተራ ዓረፍተ ነገር መሀል ግን «የ»ን ለማስወገድ ብላችሁ ቋንቋውን አታጣሙት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በአማርኛ ሐረግ ውስጥ መግለጫው ይቀድማል፣ ዋናው ስም መጨረሻ ይመጣል። «ባለፈው ሳምንት በምክር ቤቱ ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ የተመራው ረቂቅ አዋጅ» የሚል ሊንክ የሰማ ሰው፣ ነገሩ ረቂቅ አዋጅ መሆኑን የሚያውቀው ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ ነው። ለዓይን ይህ ቅጽበት ነው። ለጆሮ ግን ብዙ ነው። ሊንኩ ላይ «ረቂቅ አዋጁ» ብቻ፣ ወይም የአዋጁ አጭር ስም ይግባ። መቼና በማን እንደተመራ ከሊንኩ ውጭ ይጻፍ።

ምህጻረ ቃልም ተጠንቀቁለት። «ት/ሚ»፣ «ጠ/ፍ/ቤት»፣ «መ/ቤት» ለዓይን ይገባሉ። ስክሪን ሪደሩ ግን ፊደሉንና ስላሹን ነጣጥሎ ሊያነበው ይችላል። ሊንክ ላይ «ትምህርት ሚኒስቴር» ብላችሁ ዘርዝሩት። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው። «የ2017 ሪፖርት» የሚል ሊንክ የትኛው 2017 ነው? በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆቹ? መካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ። «የ2017 ዓ.ም. ሪፖርት» ወይም «የ2017 እ.ኤ.አ. ሪፖርት» ብሎ መለየት ግድ ነው።

አድራሻውን እንዳለ መለጠፍ

ብዙዎቻችን አድራሻውን ገልብጠን እንዳለ እንለጥፈዋለን። ለአጭር አድራሻ ይህ ያን ያህል አይጎዳም። አማርኛ ያለበት አድራሻ ሲሆን ግን ጉድ ይፈላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አድራሻ ውስጥ ያለ የግዕዝ ፊደል ሲገለበጥ ብዙ ጊዜ ወደ ኮድ ይቀየራል። አንዱ ፊደል በሦስት ባይት ይቀመጣል። እያንዳንዱ ባይት ደግሞ የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ፊደል ወይም ቁጥር ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ አንድ የግዕዝ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ኢትዮጵያ» አምስት ፊደል ነው። ከአማርኛው ዊኪፒዲያ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ገጽ አድራሻ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ ይህ አንድ ቃል ብቻ 45 ምልክት ሊሆን ይችላል። ስክሪን ሪደሩ «ፐርሰንት ኢ አንድ ፐርሰንት ስምንት...» እያለ ይቀጥላል። የአንድ ዜና ርዕስ በሙሉ አድራሻው ውስጥ ካለማ ሰሚው ስልኩን ዝም ያሰኘዋል።

ቴሌግራም ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። የምትፈልጉትን ጽሑፍ መርጣችሁ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ሊንክ የሚለውን ነክታችሁ፣ አድራሻውን ትለጥፋላችሁ። አድራሻው ከቃሉ ኋላ ይደበቃል። ብዙ ትልልቅ ቻናሎች ይህን ለማስታወቂያ ሲጠቀሙበት አያለሁ፤ ለዋናው መረጃም ይጠቀሙበት።

ፌስቡክ ተራ ፖስት ላይ፣ ዋትስአፕ መልእክት ላይ፣ ዩቲዩብ መግለጫ ላይ ግን ቃልን ሊንክ ማድረግ አይቻልም። አድራሻው መታየቱ የግድ ነው። እዚያ ማድረግ የምትችሉት መግለጫውን ከአድራሻው በፊት ማስቀመጥ ነው። «የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ቅጽ፣ በእንግሊዝኛ» ትሉና አድራሻውን በሚቀጥለው መስመር ላይ ለብቻው ትለጥፋላችሁ። ሰሚው ምን እንደሚመጣ አውቆ ይቀበለዋል፤ ካልፈለገም ይዘለዋል። ኢሞጂ ካማራችሁ አንድ ይበቃል፤ እሱም መጨረሻ ላይ ይሁን።

«ሊንኩ ኮመንት ላይ አለ» የሚለው ልማድ ደግሞ ብዙ ሰው ያደክማል። ብዙ ኮመንት ባለበት ፖስት ሥር አንዱን ሊንክ በጆሮ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ፖስቱ ላይ ማድረግ ካልቻላችሁ ኮመንቱን ከላይ አስቀምጡትና ምን እንደሆነ በቃል ጻፉበት።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በነፃ ፓኬጅና በሽልማት ስም የሚያጭበረብሩ ሊንኮች በየቀኑ ይዘዋወራሉ። ሰው ሊንክ ከመንካቱ በፊት ቢጠራጠር እውነት አለው። ወዴት እንደሚወስድ በግልጽ የሚናገር ሊንክ እምነት ይገነባል፤ ግን ቃሉ አንድ ነገር ብሎ አድራሻው ሌላ ቦታ ከወሰደ ያ እምነት ይፈርሳል። የባንክ፣ የክፍያና የመንግሥት አገልግሎት ሊንክ ስታጋሩ የድርጅቱን ስም ሊንኩ ውስጥ አስገቡ፤ ዋናውን አድራሻም ሰው እንዲያመሳክር በአጠገቡ ጻፉት።

ፋይል ሲሆን

ሊንኩ ወደ ገጽ ሳይሆን ወደ ፋይል የሚወስድ ከሆነ ይህን ቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። የፋይሉን ዓይነት፣ መጠኑንና ቋንቋውን መናገር ያስፈልጋል። «ያውርዱ» ከማለት «የቅጥር ማመልከቻ ቅጽ፣ ፒዲኤፍ፣ 4 ሜጋባይት፣ በአማርኛ» ማለት ይሻላል። መጠኑ ለእኛ አገር ሰው ትርጉሙ ብዙ ነው። ፓኬጁ ሊያልቅ የቀረበ ሰው 40 ሜጋባይት ሳያውቅ ቢጀምር ገንዘቡን ነው የሚያጣው።

ፒዲኤፉ ስካን የተደረገ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ውስጡ ሥዕል ነው። ስክሪን ሪደር የሚያነበው ጽሑፍ የለውም። የሊንኩ ቃል የቱንም ያህል ቢያምር መድረሻው ዝግ ነው። መመሪያዎችና ማስታወቂያዎች ማህተም ተደርጎባቸው፣ ስካን ተደርገው የሚለጠፉበት ልማድ በጣም ያሳዝነኛል። ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት እኮ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ነው። የተጻፈውን ቅጂ ከጎኑ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል?

ለገጹ ሠሪዎች

ኮድ ለሚጽፉ ሦስት ነገር። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን በኮዱ ውስጥ ግለጹ። ከእንግሊዝኛ ቴምፕሌት ተነስቶ የተሠራ ገጽ ብዙ ጊዜ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንደሆነ ይቀራል። ያኔ ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ይሞክራል፣ ወይም ይዘለዋል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ማንበብ ይችላል፤ ድምፁ ሮቦት ቢመስልም ይሠራል። ግን ቋንቋው ካልተነገረው በየት ያውቃል?

ሁለተኛ፣ የዜና ካርድ ላይ ሥዕሉን፣ ርዕሱንና «ተጨማሪ ያንብቡ»ን ሦስት የተለያዩ ሊንኮች አታድርጓቸው። ሦስቱም ወደ አንድ ቦታ ነው የሚወስዱት፤ ሰሚው አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ያልፋል። ርዕሱን ሊንክ አድርጉት፣ በቃ። አለቃችሁ «ተጨማሪ ያንብቡ» ይኑር ካለ ለስክሪን ሪደር ብቻ የሚሰማ ድብቅ ጽሑፍ ጨምራችሁ የዜናውን ርዕስ አስከትሉለት። ያኔ የሚታየው ቃል ከድብቁ ስም ውስጥ መኖር አለበት፤ በድምፅ ትእዛዝ የሚሠራ ሰው የሚጠራው ያየውን ቃል ነውና። የአማርኛ ገጽ ላይ ድብቁ ስም በእንግሊዝኛ ቀርቶ እንዳይገኝም አረጋግጡ። ማንም ስለማያየው ሳይተረጎም ይረሳል።

ሦስተኛ፣ የሊንክን መስመር አታጥፉ። ከሥሩ መስመር የሌለው፣ በቀለም ብቻ የተለየ ሊንክ ቀለም በደንብ ለማይለይ ሰው ከተራው ጽሑፍ ጋር ይደባለቃል።

ስለ ሕጉ በአጭሩ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ሲናገር ኢንተርኔትንም በስሙ ይጠራል። ውጭ ላሉትም ነገሩ ቅርብ ነው። እስራኤል 5568 የተባለ በዊካግ ላይ የተመሠረተ ብሔራዊ ስታንዳርድ አላት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ የተደራሽነት ሕጉ እ.ኤ.አ. ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ በኢንተርኔት ሽያጭና በባንክ አገልግሎት ላይ ተግባራዊ ሆኗል። እዚያ ሆናችሁ በአማርኛ ጭምር አገልግሎት የምትሰጡ ካላችሁ የአማርኛው ገጽ ከሌላው አንሶ መገኘት የለበትም።

እንዴት እንፈትሽ?

ከመለጠፋችሁ በፊት ሊንኮቹን ብቻ ለቅማችሁ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ሌላ ምንም አትጨምሩ። ከዚያ ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። እያንዳንዱ ወዴት እንደሚወስድ ይንገራችሁ። የተሳሳተበት ወይም «የቱ?» ብሎ የጠየቀበት ሊንክ ይስተካከላል። ሁለት ሊንኮች አንድ ዓይነት ቃል ኖሯቸው ወደተለያየ ቦታ የሚወስዱ ከሆነም እዚሁ ይያዛሉ።

ሌላው ቶክባክን ራሳችሁ መሞከር ነው። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። ሲበራ የስልኩ አነካክ ይለወጣል። አንድ ጊዜ ስትነኩ ያነብላችኋል፤ ለመክፈት ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መንካት ነው። ስለዚህ ከማብራታችሁ በፊት ማጥፊያውን እወቁ። አቋራጩ ከተስተካከለ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ለሦስት ሰከንድ ያህል አንድ ላይ መያዝ ያጠፋዋል። ከዚያ የራሳችሁን ቻናል ክፈቱና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የመጨረሻዎቹን አሥር ፖስቶች አዳምጡ።

የቆየ ገጽ ካላችሁና ሁሉንም ለማስተካከል ጊዜ ከሌላችሁ ከማመልከቻ ቅጾችና ቀነ ገደብ ካላቸው ማስታወቂያዎች ጀምሩ። አንድ ሰው ሊንኩን አጥቶ ቀኑ የሚያልፍበት እዚያ ነው። ቀጥሎ የዋናውን ማውጫ ሊንኮች አስተካክሉ፤ በየገጹ ላይ ስለሚደገሙ አንዱን ማረም ሁሉንም ማረም ነው። የድሮ ዜናዎች በኋላ ይደርሳሉ።